የድንጋይ ቀን ደም ከሳሽ የለውም

ለወንድም ጋሼ፤

ሰላምታዬ ወንዙን ተሻግሮ ደጃፍህ ይግባ። ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ቀኝ ትከሻህስ፣ ያ ዝናብ ሲመጣ የሚነዝርህ ነገር ተወህ? እናታችን ሳሉ ቀነሰላት ወይስ አሁንም ደረቷን ይዛ ነው የምታነጋው? ሚስትህን ሳምልኝ። ዛሬም እሷ ቀድማ ተነስታ እሳቱን አንድዳ፣ አንተ ወለሉ ሲሞቅ የምትነሳ ከሆነ ደግሞ በእኔ ስም ይቅርታ ጠይቃት። ያሞላቀቅንህ እኛ ነን።

ደብዳቤ የሚጀመረው «ስለ እኔ አታስብ፣ ደህና ነኝ» ተብሎ ነው። እኔም እንደዚያ ብዬ ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት። ሌላ ወረቀት እስካገኝ ቀናት ፈጀብኝና በዚህኛው ላይ እውነቱን ልጻፍ። ደህና አይደለሁም። ልጄ ኦክዳን ደህና ናት፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አሮጊት መስላለች። አባቷ ግን ተኝቷል። በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚተኛው፤ በሌላው መተኛት አይችልም።

በእናንተ በሶልጎል ገበያ ምን እንደተወራ ሰምቻለሁ። «የናሩው አማችህ ሰክሮ ከገደል ወደቀ» ብለውሃል አሉ። የኦክዳን አባት በዕድሜው ከግማሽ ጽዋ በላይ የሩዝ ጠላ ጠጥቶ አያውቅም። በሠርጋችን ቀን እንኳ የሱን ድርሻ የጠጣህለት አንተ ነህ፤ ከዚያ በኋላ ከአጥራችን ጋር ተቃቅፈህ ስታለቅስ የነበርከውም አንተ ነህ። የናሩ ሰው በመንደሩ የሆነውን ለማዶ አይናገርም፤ ስለዚህ ገደል ፈለጉለት። እኔ ግን የማዶ ልጅ ነኝ፤ እናገራለሁ።

ከሥሩ ልጀምርልህ። ባለፈው ዓመት የድንጋይ ቀን በረዶው ላይ በጀርባህ የተዘረርከው አንተ ነህ። ግን አንተ ያየኸው ሰማዩንና የአንድ ሰው ሁለት እጆች ነው። ከናሩ በኩል ምን ይመስል እንደነበር አላየህም።

እንደ ሁልጊዜው፣ የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያዋ ጨረቃ ሞልታ ሁለቱ መንደር በረዶ በሆነው ወንዝ ግራና ቀኝ ለድንጋይ ውርወራ ተሰልፏል። እንደ ሁልጊዜው የዓመቱን ዝናብና እህል ያሸነፈ መንደር ይወስደዋል ተብሏል። እኔም ቀሚሴን አጥፌ ለናሩ ወንዶች ድንጋይ አቀብላለሁ። እዚህ ስሜ እስከ ዛሬ «የማዶዋ» ነው፤ ስለዚህ ከሌሎቹ ሴቶች እጥፍ መሸከም አለብኝ። ወገቤን ላቀና ቆም ካልኩ «ወንድሞቿ አሳዝነዋት ነው» ይባላል። የተወለድኩበትን ቤት የሚመታ ድንጋይ ነው እንግዲህ በገዛ ቀሚሴ የማመላልሰው። ከወንዝ ማዶ የተዳረች ሁሉ ታደርገዋለች፤ እናታችንም አድርጋዋለች፣ ሲያደርጉት የኖሩት ነው፣ ማንም አልቅሶበት አያውቅም።

በረዶው ከእግርህ ሥር ሲሰበርና የገለባ ቆብህ ወልቆ ሲንከባለል፣ ከአንተ ሁለት እርምጃ ላይ የነበረው የኦክዳን አባት ነው። የሕፃን ራስ የሚያህል ድንጋይ በሁለት እጁ ይዟል። ከኋላው መንደሩ በሙሉ «ጣለው! ጨርሰው ማንሶክ!» ይላል። እኔም አፌ ተከፍቶ ነበር፤ ምን ብዬ እንደጮህኩ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱ ድንጋዩን ዝቅ አድርጎ፣ እንቁላል እንደሚያኖር ሰው ቀስ ብሎ፣ በረዶው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ክንድህን ይዞ አነሳህ። በኋላ ምን እንዳለህ ስጠይቀው «ይበርዳል፣ ተነስ አልኩት» አለኝ። ሌላ ምንም አላላችሁም አሉ። ወንዶች ስትባሉ እንዲህ ናችሁ።

በዚያ ቀን ናሩ ተሸነፈ። የእናንተ ልጆች ተሻግረው የእኛን ወንዶች ቆብ ሰብስበው አቃጠሉ፤ እየጨፈሩም ተመለሱ። ክረምቱ ገብቶ ሩዙ ሊያዘረዝር ሲል ደግሞ ተምች መጣ። ተምቹ የእናንተንም ማሳ እንደበላው አውቃለሁ፤ እናታችን ያን ሰሞን ምን ስትበላ እንደከረመች ሰምቻለሁ። በናሩ ግን ይህን አፉን ሞልቶ የተናገረ አንድ ሰው አልተገኘም። ተምቹ የናሩ ነበር፣ የጠራውም ማንሶክ ነው።

መጀመሪያ ሰላምታ አጠረብን። ቀጥሎ የመንደሩ የጋራ በሬ ከሁሉ ማሳ ደህና አርሶ ይመጣና እኛ ማሳ ሲደርስ እግሩን ያመዋል። ቀጥሎ ውሃ ልቀዳ ስሄድ ጨዋታው ይቆማል፤ ሁሉም ድንገት እንስራውን መመርመር ይጀምራል። የኦክዳን አባት ግን «ብርድ ነው፣ ያልፋል» ይለኛል። ለሱ ሁሉም ነገር ብርድ ነው።

የናሩን አለቃ ናምን ታውቀዋለህ። ግራ ዓይኑ የጠፋችው በጎረምሳነቱ በድንጋይ ቀን ነው፤ የመታውም አባታችን ነው ይባላል። አንድ ቀን እንኳ የአባታችንን ስም በክፉ አንስቶ አያውቅም። ሕግ አክባሪ ሰው ነው። በዚያ ቀን የፈሰሰ ደም ከሳሽ የለውም፤ ዘመድ አይቆጣም፣ ዳኛም አይጠራም ብሎ ለልጆች የሚያስተምረው እሱ ነው። ስንት ሰው ሲቀበር እየቆመ ይህንኑ ብሏል። የሞተው የገዛ ወንድሙ ሲሆንም ይህንኑ ብሏል። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደለም፤ የሚናገረውን ሁሉ የሚያምን ሰው ነው፣ ከዚያ ይሰውርህ።

የዓመቱ መጨረሻ ላይ መንደሩን አድባሩ ዛፍ ሥር ሰበሰበ። የኦክዳን አባትን መሐል አቆመው። ዘንድሮ የመጀመሪያውን ድንጋይ አንተ ትወረውራለህ፣ የምትወረውረውም በሶልጎሉ ወንጭፈኛ ላይ ነው፣ ይህን በአድባሩ ፊት ማል አለው። የሶልጎሉ ወንጭፈኛ ማን እንደሆነ ታውቃለህ። አባቱ የአለቃን ዓይን ያጠፋው ነው።

አለቃ ናም ድምፁን ከፍ አያደርግም። «ማንሶክ፣ እኛ ጨካኞች አይደለንም። አንድ ድንጋይ ነው የጠየቅንህ። ምታው እንኳ አላልንህም። ወርውር ብቻ» አለው። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ «ወርውርና ገላግለን» ብያለሁ። አጠገቡ የቆመው ቺልሴ ነበር፤ ከሕፃንነታቸው አብሮት ያደገው፣ ሚዜው የነበረው። ክርኑን ጎሸም አደረገና «እባክህ ወርውርና ሳተው! እኔ ስንት ዘመን ሙሉ በረዶውን አይደል የምደበድበው? ማን አወቀብኝ?» አለው። ቀስ ብሎ ያለ መስሎት ነበር፤ እኔ ድረስ ተሰማኝ።

የኦክዳን አባት ምን ቢል ጥሩ ነው? «አለቃ፣ ብወረውር እስታለሁ። ስስት ደግሞ አውቆ ነው ትሉኛላችሁ። ከምትደክሙ ከአሁኑ ስቻለሁ በሉኝ» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ለአፍታ ያህል ሁሉም ነገር ያበቃ መሰለኝ፤ የሳቀ ሰው ይማታል ብዬ አላሰብኩም።

አለቃ ናም ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና «ጨርሰሃል?» አለው።

የኦክዳን አባት ያን ጊዜ ቀልዱን ተወ። «የልጄ አጎት ነው» አለ። «በድንጋይ ቀን ጠላትህ ነው ትሉኛላችሁ። በማግስቱ ደግሞ ሁላችንም እየተሻገርን የቆሰለ ዘመዳችንን እንጠይቃለን፣ ጫማችንን ደጃቸው አውልቀን ገብተን ከገበታቸው እንበላለን። እኔ በአንድ ሌሊት ሁለት ሰው መሆን አልችልበትም።»

«ሁላችንም እንችልበታለን» አለው አለቃ ናም። «አንተ ከማናችን ትበልጣለህ?»

አለቃም ዞር ብሎ ሰሌኑ ይምጣ አለ።

የሰሌኑን ነገር ሶልጎልም ታውቁታላችሁ፤ ግን በዘመድህ ላይ ሲሆን አላየህምና ልንገርህ። ሰውየውን በገለባ ሰሌን ይጠቀልሉታል፣ ከላይና ከታች በገመድ ያስሩታል። የተጠቀለለው ማን እንደመታው እንዳያይ፣ የሚመታውም ማንን እንደመታ እንዳያይ ነው ይላሉ። ከየቤቱ አንድ ሰው፣ አንድ አንድ ምት። ማንም አይቀርም፤ የቀረ ቤት ካለ ከመጀመሪያው እንደገና ይጀመራል። መጥተው ያነጠፉት ሰሌን የኦክዳን አባት ራሱ ለመንደሩ እህል ማስጫ ብሎ የሠራው ነበር። አንዱ ይህን አይቶ «ሌላ ይምጣ» አለ። አለቃ ናም «የሱ ሥራ ወፍራም ነው። ለሱም ይሻለዋል» አለ። ለሱ አዝኖ ነው እንግዲህ።

አጎቱ ጀመረ። የቤተሰቡ ታላቅ ስለሆነ እሱ ይጀምር ተባለ፤ በእህል መውቂያው ዘንግ ጎኑ ላይ አሳረፈበት። አጥንት ሲሰበር በገለባ ውስጥ እንኳ ይሰማል፤ ደረቅ ቀርከሃ በጉልበትህ ስትሰብር እንደሚሰማው ነው። ከዚያ ተራ በተራ መጡ። ልጇን ያዋለድኩላት ሴት ባል መጣ። ባለፈው ዓመት የኦክዳን አባት ጣሪያውን የከደነለት ሰውዬ መጣ። ጎረቤታችን እማማ ጉምሳን በጭልፋ መጣች፤ «ሌላ ነገር ቤቴ የለም» ብላ፣ በጭልፋው ነካ አድርጋው ሄደች። ማንም እሷን አልተናገራትም፤ ለሞት የቀረበችን አሮጊት ማን ይናገራል። ወጣቶቹ ግን ሁለት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እያሉ፣ እየተንደረደሩ ነበር የሚመቱት። አንዱ ዱላው ተሰበረበትና ተመልሶ ሌላ ይዞ መጣ፤ «የመጀመሪያው አይቆጠርም» አለ።

ቺልሴ እያለቀሰ መታው። ወንድም ጋሼ፣ እያለቀሰ፣ ግን ከሁሉም አብልጦ ነው የመታው። የሚያለቅስ ሰው ቀስ ብሎ ቢመታ ይታወቅበታላ። በረዶውን ሲደበድብ የኖረ እጅ የመጀመሪያውን ሰው ያገኘው በዚያ ቀን ነው።

የኦክዳን አባት መጀመሪያ ላይ ከሰሌኑ ውስጥ ያወራ ነበር። «ይሄ የማነው? እጅ አለው እንዴ?» ይላል፤ አንድ ሁለት ሰው አፉን ይይዛል። ከዚያ ማውራቱን ትቶ በየምቱ ትንፋሹ ብቻ ይወጣ ጀመር። ከዚያ እሱም ቀረ። ገለባው ከአንድ ጫፉ ቀላ፤ ደሙ በበረዶው ላይ ሲሄድ ውሻ መጥቶ አሸተተውና በእርግጫ አባረሩት።

ያለቀ መስሎኝ ልሮጥ ስል አለቃ ናም «የማንሶክ ቤትስ?» አለ።

እኔ አልገባኝም ነበር። «ከየቤቱ አይደል ያልነው? የማንሶክ ቤት የናሩ ቤት አይደለም?» አለ፤ እንደ ጥያቄ ነው ያለው፣ በትህትና። ሴቶቹ ከፊቴ ገለል አሉ። ልብስ ሳጥብ የምወቃበት ዱላ እጄ ውስጥ ገባ፤ ማን እንዳስያዘኝ አላውቅም። ካልመታሁ ከአጎቱ ጀምሮ እንደገና ነው። ሁለተኛውን ዙር ደግሞ አይችለውም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። መታሁት። የአለቃ ናም ሚስት «አልተሰማም» አለች። ገለባውን ነው የመታሁት፤ እውነቷን ነው፣ አልተሰማም።

ወንድም ጋሼ፣ ሁለተኛው ተሰማ።

በሳንቃ ተሸክመው ቤት አስገቡልኝ፤ የተሸከሙትም የመቱት ናቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀስ ብለው፣ «ራሱን ያዘው፣ ራሱን» እየተባባሉ አስቀመጡት። ጎኑ ሦስት ቦታ ተሰብሯል። አንድ ጆሮው አይሰማም። የቀኝ እጁ ጣቶች ተጨፍልቀዋል፤ ሰሌን የሚሠራባቸው ማለቴ ነው። እማማ ጉምሳን በአጥሩ ሽንቁር ገብታ ለተደበደበ ሰው መድኃኒት ነው የሚባለውን አመጣችለት፤ ከመጸዳጃ ጉድጓድ በገለባ ተጣርቶ የሚቀዳውን ታውቀዋለህ። አንድ ጊዜ ፉት አለና ዓይኑን ከፈተ። «እማማ፣ ጭልፋው ይሻለኝ ነበር» አላት። አሮጊቷ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ቺልሴ በየጥቂት ቀኑ አንድ ቁና ማሽላ ደጃፋችን ላይ አስቀምጦ ይሮጣል። አንድ ቀን ደርሼበት ቆመ። «ማሽላህ ነቀዝ አለበት» አልኩት። «አውቃለሁ» አለኝ።

የኔን ምት ያወቀው እንደሆን መጠየቅ ፈርቼ ነበር። ሳልጠይቀው ነገረኝ። «ያንቺን አውቄዋለሁ፤ ልብስም ስትወቂ እንዲሁ ነሽ፣ መጀመሪያ ትነካኪና ከዚያ ትጨርሺዋለሽ» አለኝ። ሊስቅ ሲል ጎኑ ያዘውና ተወው። እኔ ግን ስቄ ስቄ፣ መጨረሻ ላይ ሳቅ እንዳልነበረ ገባኝ።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ አንተንም አላስቸግርህም ነበር። ግን ባለፈው ሰሞን አለቃ ናም ራሱ ሊጠይቀን መጣ። ዶሮ ይዞ ነው የመጣው። ከራስጌው ተቀመጠ፣ ብርድ ልብሱን አስተካከለለት፣ ኦክዳንን ጠርቶ የተጠበሰ ለውዝ ላጠላት። ከዚያ በዚያው ድምፅ «እንኳን ተረፍክ። በድንጋይ ቀን የናሩ ቤት ሁሉ ሰው ያወጣል፤ አንተም ትወጣለህ። መሻገሪያው ላይ፣ ከሁሉ ፊት ነው የምትቆመው። ቆብ የለህም። መቆም ካቃተህ ከእንጨት ጋር እናስርሃለን» አለው። አለቃም ሊወጣ ጫማውን እያጠለቀ ወደ እኔ ዞረና «የማዶው ወንድምሽ ውለታ የሚያውቅ ሰው ከሆነ፣ አሁን እናየዋለን» አለኝ።

ዶሮውን አብስዬ አበላሁት። ምን ላድርግ፣ ዶሮው ምን አደረገ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው፤ ሳበስልም እሱን ነው፣ ሳጥብም እሱን ነው። ያ ቀን ሲመጣ ባሌ ራሱን ሳይሸፍን፣ መሸሽ ሳይችል፣ ከወንጭፍህ ፊት ይቆማል። አትምታው ብዬ ልለምንህ አልችልም። እናንተም ጋ ሰሌን አለ፤ ወንጭፈኛው ዝም ብሎ ከቆመ ሶልጎል ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ፣ እዚያ ነው ያደግኩት። አንተ ብትተወው እንኳ ሌሎቹ አይተዉትም። እነሱ ማንሶክን አያውቁትም፤ ቆብ የሌለው፣ የማይንቀሳቀስ ሰው ነው የሚታያቸው። እንዳንሸሽ፣ ጎኑ ይህን መንገድ አይችልም፤ ከሰሌን የወጣን ሰውስ የትኛው መንደር ጣሪያ ይሰጠዋል?

ልጽፍልህ መሆኑን ሲያውቅ የኦክዳን አባት ተቆጣ። ሲቆጣ አይቼው ስለማላውቅ መጀመሪያ ሕመሙ የባሰበት መስሎኝ ነበር። «ለወንድምሽ ደም መልስልኝ ብለሽ እንዳትጽፊ» አለኝ። «እኔ ያን ድንጋይ ያስቀመጥኩት ሌላ ሰው እንዲያነሳው አይደለም» አለኝ። በኦክዳን ራስ አስማለኝ። ምያለሁ። ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ አንድም ነገር አልለምንህም። መሐላዬን እንዳፈረስኩ አድርገህ ለማንም እንዳትናገር።

እንግዲህ ወሬ ላውራህ፤ ከዚህ በታች ያለው ወሬ ብቻ ነው።

የክረምቱ ጎርፍ የእኛን ዳር ቆርሶ አፈሩን በእናንተ በኩል ደልድሎታል። ድሮ አንተ የምትዋኝበት፣ የአኻያ ዛፎቹ ያሉበት የእናንተ ዳር፣ አሁን ወደ እኛ ቀርቧል። ልብስ ላጥብ ስወርድ አይቼ ገርሞኛል፤ በሶልጎል በኩል ማንም ያስተዋለው አይመስለኝም። በናሩ በኩልም ማንም አላስተዋለም። ሰው ሁሉ ትኩረቱ መሻገሪያው ላይ ነው።

አለቃ ናም ዘንድሮም እንደ ልማዱ አድባሩ ዛፍ ሥር፣ ጠፍጣፋው ቋጥኝ ላይ ይቆማል። ድንጋይ እዚያ ደርሶ አያውቅምና አይፈራም። ደንዳና ቆብ ያደርጋል፤ የኦክዳን አባት የሠራለት ነው፣ ምንም አይበሳውም። ብቻ ውርወራውን የሚያስጀምረው የናስ ደወል መጀመሪያ ሲመታ ቆቡን አውልቆ ለአድባሩ ይሰግዳል። እጅግ አርዝሞ ነው የሚሰግደው፤ ሰው እንዲያየው ይወዳል። በዚያን ጊዜ ግራ ጎኑ ወደ አኻያዎቹ ነው፤ በዚያ በኩል የሚመጣ ነገር አይታየውም። ይህን የምነግርህ በአኻያዎቹ ሥር የሚጫወት የእናንተ ልጅ በስህተት ሽማግሌ እንዳይጎዳ ነው። ልጆቻችሁን ጠብቁ።

ሌላም ትዝ አለኝ። አባታችን ማታ ማታ ሲያወራን፣ የአንዱ መንደር አለቃ ከወደቀ ደወሉ ወዲያው ይመታል፣ ሰው ሁሉ የያዘውን ድንጋይ ጥሎ ወደየቤቱ ይገባል ይል አልነበር? ገና ባይጀመርም እንኳ ያን ዓመት አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የወረወረ የተረገመ ነው። በእኛ ዕድሜ ሆኖ አያውቅም። እንዳይሆንም ጸልይ። ለብልህ አይነግሩም፤ እኔም ብዙ አወራሁ።

እኔ በዚያ ቀን ቀሚሴን አጥፌ ከሴቶቹ ጋር ነኝ። ለናሩ ስጮኽ ብትሰማኝ እንዳትቀየም። ከሁሉ አስበልጬ ነው የምጮኸው።

ለእናታችን ይህን ስታነብላት የሰሌኑን ዝለለው። የዶሮውን ንገራት፤ አለቃው ዶሮ ይዞ ጠየቃቸው በላት፣ ደስ ይላታል። ዕድሜህ ይርዘም፣ ክንድህ አይድከም፣ ቤትህ እሳት አይጣ። አያቶቻችን ከፊትህም ከኋላህም ይቁሙልህ። በማግስቱ፣ እንደ ሁልጊዜው ዘመድ ልትጠይቅ ስትሻገር፣ ኦክዳን በር ላይ ትቀበልሃለች፤ አባቷም ቤት ውስጥ ይሆናል።

ልረሳው! ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ጨው ነጋዴ አንድ ከረጢት ያስረክብሃል። ሲያነሳው ከብዶት «እመቤት፣ ሶልጎል ድንጋይ ጠፋ እንዴ?» ብሎ አሾፈብኝ። የወንድሜ ሚስት በጋን የምታብላላውን ጎመን የምትጫንበት ነው አልኩት። ሦስት ናቸው፤ ከወንዙ ሥር፣ በረዶውን ሰብሬ፣ በእጄ እየመዘንኩ የመረጥኳቸው ናቸው። ክብ ናቸው፣ ለስላሳ ናቸው፣ አንዱ ከሌላው በክብደት አይለይም። ልጆች ሳለን ማን ይለቅምልህ እንደነበር ታውቃለህ፤ ዛሬም እጄ አልረሳም። ሁለቱን ለሚስትህ ስጣት።

አንድ ይበቃሃል።

ታናሽ እህትህ፣
የኦክዳን እናት